ጂን በጋሪና በጣውላ ለመለካት፦ የትኛውን መንገድ እንምረጥ?

ባለፈው ሳምንት ኩታበር አካባቢ ፊዚክስ የሚያስተምር ወዳጄ ደወለልኝ። «አንድ ጣውላ፣ አንድ ስልክና 60 ተማሪ አለኝ። ጂን በምን ላስለካቸው?» አለኝ። ጂ የምንለው የስበት አክስለሬሽንን ነው፤ በነጻ የሚወድቅ ነገር ፍጥነቱ በየሴኮንዱ የሚጨምርበት መጠን፣ 9.8 ገደማ። ካርዱ እስኪያልቅ አወራን፤ ግን ግማሹን እንኳን አልነገርኩትም። ሙሉውን እዚህ ልጻፈው። ወሎ ውስጥ ይኸው ጥያቄ ያለበት መምህር ብዙ ነውና።

መጀመሪያ መመዘኛዬን ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ዘዴ ሲመርጥ የሚጠይቀው «የቱ ነው ወደ 9.8 የሚጠጋው?» ብሎ ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ የትኛው ዘዴ ነው ተማሪውን እንዲዋሽ የማያስገድደው?

ይህን ጥያቄ ያስተማሩኝ ተማሪዎቼ ናቸው። አንድ ዓመት ጣውላ አጋድመን፣ የአሻንጉሊት መኪና ለቀን ለካን። ለሁሉም የወጣላቸው 8 አካባቢ ነበር። ሪፖርቱ ሲሰበሰብ ግን ሁሉም 9.8 ብለው ጽፈዋል። አንዲት ልጅ ብቻ 8.2 ብላ ጽፋ፣ ከጎኑ በትንሹ «ይቅርታ» ብላለች። ያቺ ቃል ዛሬም ድረስ ትከነክነኛለች። ልጅቷ በትክክል ለክታ ነበር። የሰጠኋት ዘዴ ነበር 9.8ን ማውጣት የማይችለው።

ስንት ቢወጣ ነው ልክ የሚሆነው?

በዓለም አቀፍ ስምምነት መደበኛ ተብሎ የተያዘው ቁጥር 9.80665 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር ነው። የተወሰነውም እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። ነገር ግን ጂ በየቦታው ትንሽ ይለያያል። ምድር ወገብ ላይ 9.780፣ ዋልታዎች ላይ 9.832 ገደማ ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ደሴ ደግሞ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሁለቱም ቁጥሩን ዝቅ ያደርጉታል። ስለዚህ ደሴ ላይ የምንጠብቀው 9.78 ገደማ ነው።

«እሺ፣ ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ላይ ብንለካስ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አክብራችሁ መልሱለት። ኮምቦልቻ 600 ሜትር ከዚያም በላይ ዝቅ ስለምትል ጂ እዚያ ይበልጣል። ልዩነቱ ግን ቢበዛ 0.002 ቢሆን ነው። በጣውላና በጋሪ ይህ አይታይም። የእኛ ስህተት 3 በመቶ ላይ ከቆመ በጣም ጎብዘናል።

ጣውላው ለምን አስፈለገ?

ድንጋይ ከ2 ሜትር ከፍታ ሲለቀቅ መሬት የሚደርሰው በ0.64 ሴኮንድ ነው። እጃችን በሰዓት ላይ 0.1 ሴኮንድ ቢሳሳት የምናገኘው ጂ 30 በመቶ ይዛነፋል። ጣውላው ጉዞውን ያዘገይልናል። ጋሊሊዮ ያደረገው ይህንኑ ነው። 7 ሜትር ገደማ በሚሆን፣ ቦይ በወጣለት እንጨት ላይ የነሐስ ኳስ እያንከባለለ፣ ጊዜውን በቀጭኑ በሚፈስ ውሃ ለካ። ውሃውን በሚዛን እየመዘነ ማለት ነው! እ.ኤ.አ. በ1638 በታተመው ሥራው ላይ አስፍሮታል። ስቶፕ ዋች የለንም ብሎ ተስፋ ለሚቆርጥ ሰው ይህን ነው የምነግረው።

ሰበቃ ባይኖር ኖሮ የጋሪው አክስለሬሽን ጂ ሲባዛ በሳይን ቴታ ነው (ቴታ ጣውላው ከአግድሙ ጋር የሚሠራው አንግል ነው)። ሳይን ቴታን ለማግኘት ፕሮትራክተር አታንሱ። በትንሽ አንግል ላይ አንድ ዲግሪ መሳት ብዙ ያጠፋል። የጣውላውን ጫፍ ከፍታ በሜትር ለኩና ለጣውላው ርዝመት አካፍሉ። 1.2 ሜትር ጣውላ፣ 12 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፦ 0.10። አለቀ።

ጋሪ ወይስ ብይ?

እዚህ ላይ ብዙዎች ሳያውቁት ይሰናከላሉ።

ብይ ርካሽ ነው፣ በየኪሱ አለ፣ ሰበቃውም ትንሽ ነው። ችግሩ ብይ አይንሸራተትም፣ ይንከባለላል። ከስበት የሚያገኘው ጉልበት ከፊሉ ለመሽከርከር ይሄዳል። ድፍን ኳስ በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ሲንከባለል የሚያገኘው አክስለሬሽን ከጂ ሳይን ቴታ 5/7ኛው ብቻ ነው። ተማሪው ይህን ካላወቀ በጣም በጥንቃቄ ለክቶ ጂ 7 ነው ብሎ ይመጣል። በሌላ አነጋገር፣ ጎበዝ በሆነ ቁጥር ይበልጥ 7 ያገኛል። ከዚያ ወይ ይዋሻል፣ ወይ በራሱ ተስፋ ይቆርጣል።

ብይ በአሉሚኒየም የመስኮት ፕሮፋይል ቦይ ውስጥ ሲሮጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ብዩ የቦዩን ሁለት ጠርዝ ብቻ ነው የሚነካው። ስለዚህ ለአንድ ሜትር ጉዞ ብዙ ጊዜ ይሽከረከራል። 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብይ 8 ሚሊ ሜትር ክፍተት ላይ ቢሄድ፣ ያ 5/7 (0.714 ማለት ነው) ወደ 0.65 ይወርዳል። ሒሳቡን መሥራት ከቻላችሁ ደስ የሚል ነገር ነው። ካልቻላችሁ ብዩን በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ፣ ብዩን በማያጣብቁ ሁለት ማስመሪያዎች መካከል አስሂዱት።

ሽክርክር እንቅስቃሴን ለተማሩ ልጆች ብይን በጣም እወደዋለሁ። 7 ማግኘታቸው ራሱ ትምህርት ነው። ከፋብሪካ ኩሽኔታ የወጣ የብረት ኳስ ካገኛችሁ ደግሞ ከብይ ይሻላል፤ ድቡልቡልነቱ የተጠበቀ ነው። ላልተማሩት ግን ጋሪ ይሁን።

ለትንንሾቹ ብይ ሌላ ጥቅም አለው። ጂን ተዉትና ርቀትና ጊዜን ብቻ አሳዩበት። ጣውላው ላይ ከመነሻው 10፣ 40፣ 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ቀጭን ክር ወይም ላስቲክ አግድሙ። ብዩ ሲያልፍ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ርቀቱ እየሰፋ ሄዶ ድምፁ ግን እኩል ጊዜ እየጠበቀ ይመጣል። በመንዙማ ጭብጨባ ያደገ የወሎ ልጅ ጆሮው ምት መሳት አይወድም። አንዱን ላስቲክ 5 ሳንቲ ሜትር ብታዛንፉት ወዲያው «ይሄ ተሰበረ» ይላችኋል።

ጋሪን በተመለከተ፣ ልጆች ከሽቦና ከቆርኪ የሚሠሩት መኪና ያምራል፤ ሰበቃው ግን ከባድ ነው፣ መስመሩንም ይስታል። ከገበያ የሚገዛው የፕላስቲክ መኪና ይሻላል። በጣም ጥሩው አራት ትንንሽ ኩሽኔታ ጎማ የሆኑለት ጋሪ ነው። አናጺ ዘንድ ብትሄዱ ከቁራጭ ኮምፔንሳቶ ይሠራላችኋል። አዲስ ኩሽኔታ በወፍራም ግራሶ የተሞላ ስለሆነ ይይዛል። በናፍጣ አጥባችሁ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ጨምሩበት።

ጋሪም ቢሆን ጎማው ይሽከረከራል። የአራቱ ጎማ ክብደት ከጠቅላላው 10 በመቶ ከሆነ ውጤታችሁ 5 በመቶ ያህል ዝቅ ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጋሪው ላይ አንድ ሁለት ኪሎ ድንጋይ ጫኑ። ድንጋዩ ይሄዳል እንጂ አይሽከረከርም። «ከከበደ ይፈጥናል አይደል?» የሚል ተማሪ ካለም መልሱን ዓይኑ እያየ ያገኘዋል።

አንድ ከፍታ ወይስ አራት?

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

የተለመደው አሠራር ጣውላውን በአንድ ከፍታ አስቀምጦ፣ አሥር ጊዜ ለክቶ፣ አማካይ መውሰድ ነው። እኔም ያቺን ልጅ «ይቅርታ» ያስባልኳት በዚህ ነው። አሥር ጊዜ መለካት የእጅን ስህተት ይቀንሳል። ሰበቃን ግን አይነካውም። ሰበቃ አሥሩንም ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚጎትተው።

በቁጥር እንየው። ጣውላው 1.2 ሜትር፣ ጋሪው የሚሮጠው 1 ሜትር ይሁን። ጋሪውም መካከለኛ ሰበቃ ያለው ነው እንበል። ጫፉን 6 ሳንቲ ሜትር ብናነሳ ጉዞው 2.32 ሴኮንድ ይፈጃል። በ9 ሳንቲ ሜትር 1.80፣ በ12 ሳንቲ ሜትር 1.52፣ በ18 ሳንቲ ሜትር 1.22 ይሆናል። አክስለሬሽኑ ሁለት ጊዜ ርቀት ለጊዜ ስኩዌር ሲካፈል ነው። ስለዚህ እንደ ቅደም ተከተላቸው 0.372፣ 0.617፣ 0.866፣ 1.344 እናገኛለን።

እያንዳንዱን ለብቻው ለሳይን ቴታ ብናካፍል ጂ ብለን የምናገኘው 7.4፣ 8.2፣ 8.7፣ 9.0 ነው። አንዱም 9.8 አይደለም። አራት ቡድን አራት ከፍታ ላይ ቢሠራ አራት የተለያየ መልስ ያመጣል። ሁሉም በትክክል ሠርተው!

አሁን አራቱን በአንድ ግራፍ ላይ አስቀምጧቸው። አግድሙ ሳይን ቴታ፣ ቁሙ አክስለሬሽን። ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። የመስመሩ ስሎፕ፣ ማለትም የቁሙ ለውጥ ለአግድሙ ለውጥ ሲካፈል የሚገኘው፣ ነው ጂ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ብቻ ብንወስድ እንኳን፦ 1.344 ሲቀነስ 0.372፣ 0.972 ነው። ይህን ለሁለቱ ሳይን ቴታ ልዩነት፣ ለ0.10፣ ስናካፍል 9.72።

ያው ጋሪ፣ ያው ጣውላ፣ ያው ሰበቃ ነው። ሰበቃው ግን የትም አልጠፋም። መስመሩ ቁመኛውን አክሲስ ከዜሮ በታች የሚቆርጥበት ቦታ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀናል፤ በዚህ ምሳሌ 0.11 ያህል ዝቅ ብሎ። ተማሪው ሰበቃን ከነመጠኑ አገኘው ማለት ነው።

ሌላም ትርፍ አለው። ደሴ ተራራ ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ የክፍሎቻችን ወለልም ሁልጊዜ ደልዳላ አይደለም። ወለሉ በ1.2 ሜትር ላይ 5 ሚሊ ሜትር ቢያዘነብል፣ በ6 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ 8 በመቶ ስህተት ያመጣል። በግራፍ ከሠራችሁ ግን ጣውላው ከቦታው እስካልተነቃነቀ ድረስ ይህ ስህተት መስመሩን ወደ ጎን ይገፋዋል እንጂ ስሎፑን አይለውጠውም። ቢሆንም የግንበኛ ውሃ ልክ ካገኛችሁ ወለሉን እዩት፤ አይከፋም።

ጥንቃቄም አለው። ድንጋይ ጫኑ ያልኩት የጎማ ጉዳይ በግራፍ አይወገድም፤ ስሎፑን ራሱን ይነካዋል። ከፍታውንም ከ25 ሳንቲ ሜትር በላይ አታድርጉት። ጋሪው በጣም ይፈጥንና ሰዓቱ ያመልጣችኋል።

ሌላው መንገድ ጋሪውን ከታች ወደ ላይ ገፋ አድርጎ፣ ሲወጣና ሲመለስ መቅረጽ ነው። ሲወጣ ሰበቃ ስበትን ያግዛል፣ ሲወርድ ይቃወማል። የሁለቱ አክስለሬሽን አማካይ ሰበቃ የሌለው ይሆናል። በጣም የሚያምር ዘዴ ነው፤ ግን ቪዲዮ ከሌለ አይሞከርም።

ሰዓቱን በምን?

የእጅ ስቶፕ ዋች 0.1 ሴኮንድ ያህል ወዲያና ወዲህ ይላል። አሥር ጊዜ ደጋግማችሁ አማካይ ብትወስዱ ወደ 0.03 ይወርዳል። ጋሪውን የሚለቀውና ሰዓቱን የሚጫነው አንድ ሰው ይሁን። ጣውላው በረዘመ ቁጥርም ይጠቅማችኋል። በዚህ የምታገኙት ጂ 7 በመቶ ያህል ቢዛነፍ አይግረማችሁ።

ቲከር ታይመር በሴኮንድ 50 ነጥብ ወረቀት ላይ ይመታል። በየ0.02 ሴኮንዱ ጋሪው የት እንደነበረ ያሳያል። ለማስተማር ድንቅ ነው። ወረቀቱ ጋሪውን ይጎትታል፤ መብራት ሲጠፋም ትምህርቱ አብሮ ይጠፋል። በትምህርት ቤታችሁ ዕቃ ቤት አቧራ ለብሶ የተቀመጠ ካለ አውጡት።

ስልክ ያለው ሰው ሁለት ጥሩ ምርጫ አለው። አንደኛው ድምፅ ነው። ፋይፎክስ የሚባል ነጻ መተግበሪያ አለ፤ ጀርመን አኸን ከተማ ባለ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ውስጡ በመጀመሪያው ድምፅ ጀምሮ በሁለተኛው የሚያቆም ሰዓት አለ። ጋሪውን በእንጨት ቁራጭ ያዙት። ቁራጩን በመዶሻ ወደ ጎን ስትመቱት ድምፁ ሰዓቱን ያስነሳል፤ ጋሪው ታች ያለውን ጣውላ ሲመታ ያቆመዋል። የእጃችን መዘግየት በሙሉ ይቀራል። 60 ልጅ ፀጥ ማለት አለበት፤ ለዚህ ሙከራ ግን ፀጥ ይላሉ፣ አይቻቸዋለሁ።

ሁለተኛው ቪዲዮ ነው። ተራ ቪዲዮ በሴኮንድ 30 ምስል ይይዛል፣ ስሎ ሞሽን 120 ወይም 240። ብርሃን ሲያንስ ብዙ ስልኮች የምስሉን ብዛት በራሳቸው ስለሚቀንሱ ከክፍል ውጡና ፀሐይ ላይ ቅረጹ። ከመጀመራችሁ በፊት የሌላ ስልክ ስቶፕ ዋች ቀርጻችሁ የምስሉን ብዛት አረጋግጡ።

ሦስተኛ መንገድ አለ፣ እሱ ወጥመድ ነው። ስልኩን ጋሪው ላይ አስሮ በውስጡ ባለው የአክስለሬሽን ሴንሰር መለካት። ሰው ይህን ሲያስብ ደስ ይለዋል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ሴንሰሩ ግን ስበትን ራሱን አይሰማም። የሚሰማው ስልኩን የሚገፋውን ሌላ ኃይል ነው። ጋሪው በተዳፋቱ ላይ በነጻነት ሲወርድ፣ በጉዞው አቅጣጫ ያለው ንባብ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ተማሪው «ጋሪው አይፈጥንም» ብሎ ይደመድማል። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ ደግሞ 9.8 አካባቢ ያሳያል፤ ያ ግን ፋብሪካው ያስተካከለው ቁጥር ነው፣ እኛ የለካነው አይደለም።

ይሁንና ወጥመዱን ካወቃችሁት ይጠቅማል። ጋሪው ቆሞ ሳለ በተዳፋቱ አቅጣጫ የሚነበበው ጂ ሳይን ቴታ ነው። ሲሮጥ የሚነበበው ትንሽ ቁጥር ሰበቃው ነው። ከግራፉ ላይ ያገኛችሁት 0.11 ትክክል መሆኑን በዚህ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ታች ወፍራም ጋቢ ወይም ፎጣ አንጥፉ፤ ስልክ ውድ ነው።

ጣውላውን ብንተወውስ?

እውነቱን ልናገር። የምትፈልጉት ቁጥሩን ብቻ ከሆነ ጣውላውን ተዉትና ቱንቢ ስቀሉ። 1 ሜትር ክር ላይ የተንጠለጠለ ቱንቢ 20 ጊዜ ለመወዛወዝ 40.2 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። እጃችሁ 0.3 ሴኮንድ ቢሳሳት ጂ የሚዛነፈው 1.5 በመቶ ብቻ ነው። ክሩን እስከ ቱንቢው የክብደት ማዕከል ለኩ፤ ውዝዋዜውም ጠባብ ይሁን። ምንም ጋሪ በዚህ ዋጋ ከፔንዱለም፣ ከዚህ ከሚወዛወዘው ቱንቢ ማለት ነው፣ ጋር አይወዳደርም።

በድምፅ ሰዓት ከሆነ በቀጥታ መጣልም ይሠራል። ከ1 ሜትር የተለቀቀ ነገር 0.45 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ 0.005 ሴኮንድ ብንሳሳት 2 በመቶ ነው።

ታዲያ ለምን ጋሪ? ፔንዱለም አክስለሬሽንን አያሳይም። ቀመሩን ለተማሪው እመኑኝ ብለን ነው የምንሰጠው። ጋሪው ግን ሲፈጥን በዓይን ይታያል። ጣውላው ከፍ ሲል ይበልጥ ሲፈጥን ይታያል። «ቀጥ ብናደርገውስ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ግራፉን እስከ ሳይን ቴታ 1 ድረስ በሐሳቡ ዘረጋው ማለት ነው።

ወዳጄ ዘንድ እንመለስ

ሰዓት ብቻ ያለው መምህር ቱንቢ ለቁጥሩ፣ ላስቲክ የታገደመበት ጣውላና ብይ ለእንቅስቃሴው ይጠቀም። ስልክ ያለው ጋሪ፣ አራት ከፍታና የድምፅ ሰዓት ይምረጥ። ሽክርክርን ያስተማረ ሰው ብይና ጋሪን ጎን ለጎን ይልቀቅ።

የኩታበሩ ወዳጄ ሁለተኛውን መረጠ። 60ውን ልጅ በአራት ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ከፍታ ሰጠ። ለብቻው የማንም ቡድን መልስ ልክ አይመጣም፤ ግራፉ የሚሠራው አራቱ ሲገናኙ ነው። ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈውንም አብረን ወሰንን፦ የወጣው ቁጥር ከነስህተቱ፣ ለምሳሌ 9.7፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.3። 9.8 ከወጣም ያው ስህተቱ ይጻፍ።

ትናንት ማታ የግራፉን ፎቶ ላከልኝ። መስመሩ ከዜሮ በታች ቆርጧል። አንድ ተማሪ «ይሄ ማይነስ ቁጥር የምን ነው?» ብሎ ጠይቋል። ወዳጄ መልሱን አልነገረውም። ሰኞ ጎማዎቹን ዘይት ቀብተው እንደገና ሊለኩ ነው።